የባለወፍጮው ጆሮ

ከቀኑ አምስት ሰዓት ሆኗል፣ እሱ ግን ገና አልተኛም። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ የገባን ሰው እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ሊወስደው የሚገባው ይኼኔ ነበር። መጋረጃውን በልብስ መቆንጠጫ አያይዞ ዘግቶታል፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦታል፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦታል፤ ብርሃኑ ግን በመጋረጃው ጠርዝ ሾልኮ ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር አስምሯል፣ እሱም መስመሩን እያየ ይጠብቃል። ለአባቱ የላከው ጥቅል ትናንት ደርሷል። እህቱ «ነገ አባባ ፂሙን ተላጭቶ፣ ልቡ ረጋ ሲልልኝ አደርግለትና እደውላለሁ» ብላዋለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከአገር ቤት ስልክ ጠብቆ አያውቅም፤ ደዋዩ ሁልጊዜ እሱ ነው፣ በየእሁዱ፣ ገላውን ከታጠበ በኋላ፣ አንድ ቦታ ለምስክርነት እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ። ዛሬ ተራው የመጠበቅ ነው። መጠበቅ ደግሞ አያስተኛም።

ስለ ላሟ ያስባል። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በአንዱ እሁድ፣ ደውሎ እንደ ወትሮው «ሰላም ነው አባባ?» ሲል፣ አባቱ «ላሟንማ ሸጥናት» አለው። ቀጥሎ «በል ደህና ሁን፣ ይኸው አናግራት» ብሎ ስልኩን ለእህቱ ሰጣት። ይኸው ነው። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ነገር እንደሚወጣ የሚያውቀው ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ላሟንማ ሸጥናት፤ ማን ይጠብቃት፣ ማን ያልባት፣ ወንዱ ልጅ ጥሎን ሄዶ። ላሟንማ ሸጥናት፤ አንተ እዚያ ሆነህ ሰላም ነው ወይ ትላለህ። ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ እየደረደረ፣ አውቶቡስ እየጠበቀ፣ ጥርሱን እየፋቀ ያቺን ነገር ሲያላምጣት ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ አባቱ በስልክ የሚለው ሦስት ነገር ብቻ ሆነ፤ ደህና ነህ፣ እኛ ደህና ነን፣ በል ይኸው አናግራት። ምንም ቢጠየቅ እነዚያው ሦስቱ ናቸው። አንድ ቀን ልጁ «አባባ፣ ታምሜ ሰነበትኩ» ቢለው «ተመስገን» አለው። ያን ቀን ስልኩን ዘግቶ፣ ጫማውን እንዳጠለቀ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀረ፣ ፈረቃው እስኪደርስ አልተነሳም። ተረግሜያለሁ አለ በልቡ።

ለምን ተረገምክ ቢሉት መልስ አለው። ይኸው፣ በአራተኛ ፎቅ ክፍሉ በጀርባው ተኝቶ፣ በሐሳቡ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። አባቱ ባለወፍጮ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፣ ሁሉም ባለወፍጮው ይለዋል። ሞተር በጆሮው ሲያክም የኖረ፣ ድንጋዩ መወቀር ሲያምረው ከድምፁ የሚያውቅ፣ እፍኝ እህል ጆሮው አጠገብ አንኮሻኩሾ «ይኼ ገና ፀሐይ ይፈልጋል፣ መልሱት» የሚል ሰው ነበር። ሰዎች ቅርብ ያለውን ወፍጮ እያለፉ ወደሱ የሚመጡት ለዚህ ጆሮው ነው። በሚሄድበት ቀን ልጁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ዱቄቱ በሚወርድበት በኩል ባለው በር ይቆማል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ሞተሩን ከድንጋዩ ያያዘው ቺንጋ ይወናጨፋል፣ አየሩ ነጭ ነው። አባቱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የሚወርደውን ዱቄት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ያሻል። «አባባ፣ መሄዴ ነው» አለ። አልዞረም። «አባባ» አለ ደግሞ፣ ጮክ ብሎ። አልዞረም። ውጭ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ፣ ረዳቱ ናና ውጣ ይለዋል፣ ሄደ። አባቱ መሄዱን እንዳልወደደለት ያውቅ ነበር፣ ወሩን ሙሉ ነገሩን ሲሸሸው ነው የከረመው፤ ቢሆንም ጀርባውን ሰጥቶ ይሸኘኛል ብሎ በሕልሙም አላሰበም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ጀርባ፣ ዱቄት የለበሰ ያ ጀርባ፣ የትም ቢሄድ ከፊቱ አለ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት፣ እሁድም ሳይሆን፣ እህቱ ደውላ ስለነበር መልሶ ደወለላት። እህቱን ሚጡ ይላታል። እናታቸው ከሞተች ሁለት ዓመት ቆይቶ እሱ ሲሄድ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃያ ስድስት ሞልቷታል፣ ቤቱንም ወፍጮውንም አባቷንም ይዛ ያለችው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን አትደንግጥ።»

«አባባ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ደረስኩበት። እህሉ አልቆ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጫል፣ ብልጭታ ይተፋል፣ ጩኸቱ መንገድ ድረስ ይሰማል። እሱ አጠገቡ ቆሞ ጆንያ ያጥፋል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«አይሰማማ፣ ጋሼ። አባባ አይሰማም። ለካ አፌን እያየ ነው ስንት ዘመን የሚመልስልኝ። ሞተሩንም መዳፉን ብረቱ ላይ አድርጎ በንዝረቱ ነው የሚያውቀው። በስልክ ደግሞ የሚታይ አፍ የለም።»

ለምን አልነገረንም አይባልም። በጆሮው የታወቀ ባለወፍጮ ጆሮዬ ሄደ ብሎ ለማን ይናገራል። ሚጡ ይዛው ሄዳ ተመረመረ፤ የወፍጮው ጩኸት ቀስ በቀስ የበላው ጆሮ ነው፣ አይመለስም አሏት። ጆሮ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መሣሪያ ተሰጠችው፣ ሁለት ቀን አደረጋት፣ «ትንኝ ጆሮዬ ውስጥ ይዤ አልዞርም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተታት። እሱ ይህን ሁሉ ሰምቶ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ሁለት ፌርማታ ያህል በእግሩ ሄደ። አይሰማም ነበር። መቼ ጀምሮ? ሚጡ አታውቅም። ማንም አያውቅም። ያ ጥያቄ እንደ እሾህ ገብቶ ቀረ፤ መቼ ጀምሮ ነው የማይሰማው?

የሚሠራው ሰዎች ገዝተው ያልወደዱትን ዕቃ በሚመልሱበት መጋዘን ነው። ካርቶን ይከፍታል፣ ያያል፣ በሦስት ሳጥን ይለያል፤ የሚሸጥ፣ የሚጠገን፣ የሚጣል። ከሚጣለው አንዲት ብሎን እንኳ ወደ ቤት ለመውሰድ ቅጽ ይሞላል፣ ሦስት ሰው ይፈርምበታል፣ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ዕረፍት ላይ ነው። መጋዘኑ መጨረሻ ላይ፣ መስተዋት ክፍል ውስጥ፣ ሽበታም ጠጋኝ አሉ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሐኪሙ ይላቸዋል፣ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ማጉያ መነጽር የሐኪም ማዳመጫ ስለሚመስል ነው። የጆሮ ማዳመጫ ሲመለስ ወደሳቸው የሚወስደው እሱ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ዕቃውን አስቀምጦ አይመለስም፣ ቆሞ ያያል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋህ?» አሉት አንድ ቀን።

«ይኼ ነገር ለማይሰማ ሰው ይሠራል?»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «የማይሰማ የሚባል ሰው ጥቂት ነው። ምንድን ነው የማይሰማው? እሱን ነው ማወቅ ያለብህ።»

ከፈቱና አሳዩት። እሱ ስንት ዓመት እነዚህን ዕቃዎች ከካርቶን ወደ ሳጥን ሲያሻግር ሆዳቸውን አይቶ አያውቅም። ከጆሮ ላይ የሚያርፈው ትራስ ሲነሳ፣ ኩባያ የመሰለው ቤት ሲከፈት፣ ውስጡ አንዲት ትንሽ ክብ ስፒከር ተቀምጣለች፤ ፊቷ ላይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን ተወጥሯል፣ ከሥሩ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሟል። ያ ሽፋን ሲርገበገብ ዓይን አያየውም። አያየውም ግን ሰው ያወራል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሁሉም ከዚያች ጥፍር በምትበሳት ነገር ይወጣል። እስትንፋሱ እንዳይነካት አፉን ይዞ ነው ያያት። ሐኪሙ የነገሩት ቀላል ነበር፤ ስፒከሯ ነፍሱ ናት፣ ቤቷ ድምፁን ያወፍረዋል ወይ ያቀጥነዋል፣ ትራሱ ደግሞ ካልገጠመ ሁሉም በስንጥቁ ይፈስሳል። አንዱን ስትነካ ሁሉም ይለወጣል። ገበያ ላይ ያለው ደግሞ የሚሠራው ለሁሉም ሰው ነው፣ ለሁሉም የተሠራ ልብስ የአባትህን ትከሻ አያውቅም አሉት።

እናም ለአባቱ ልክ የሚሆን ሊሠሩ ተስማምተው መለካት ጀመሩ። ሐኪሙ ከወፍራም እስከ ቀጭን አሥራ ሁለት ድምፅ በስልኩ ጫኑለት፣ እሱ ለሚጡ ላከ፣ ሚጡ ተራ ማዳመጫ አባቷ ጆሮ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ታሰማዋለች፣ ሲሰማ ጣቱን ያነሳል። «ጨዋታ ነው?» ይላል አባቱ፣ በስልክ ከሩቅ ለልጁ ይሰማዋል፣ ሚጡ በእጇ ዝም በል ትለዋለች መሰለኝ። ወፍራሙን ሁሉ ሰማ። ሰባተኛው ላይ ጣቱ ዘገየ። ስምንተኛው ላይ አልተነሳም። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጣቱ ጉልበቱ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ቀጥላ ሚጡ ወረቀት ጉንጩ ላይ አስደግፋ ጆሮውን ዙሪያውን በእርሳስ ሣለችውና ፎቶ አንስታ ላከችለት። ያን ሥዕል መጋዘኑ ጥግ ቆሞ አየው። ትልቅ ጆሮ ነው። ታችኛው ጫፉ ረዝሞ ወርዷል፣ ከላይ በኩል ትንሽ ተቆልምሟል። አባቱን ሙሉ ዘመኑን አይቶታል፣ ጆሮውን ግን ዛሬ ገና ነው ያየው። ይኼን ያህል መንገድ ተጉዞ፣ በእርሳስ ተከብቦ፣ መዳፉ ላይ የአባቱ ጆሮ አለ።

ሐኪሙ ውጤቱን አይተው «ድምፅህን ልቅዳ» አሉት። «አባትህን የምትለውን በል።» እሱም ሌላ ስላልመጣለት «ሰላም ነው አባባ?» አለ። ሐኪሙ ኮምፒውተራቸው ላይ አባቱ ጣቱን ያላነሳባቸውን ድምፆች በሙሉ ቆርጠው ጣሉና ማዳመጫውን ሰጡት። እንዲህ ነው አባትህ የሚሰማህ አሉ። አደረገው። ከወንዝ ሥር እንደሚያወራ ሰው ያለ ነገር ሰማ፤ ሰ የለም፣ ሸ የለም፣ ፈ የለም፣ ቃሉ ጥርሱ ረግፏል። አንዴ ይድገሙልኝ አለ። ደገሙለት። ላም ነው አባባ? ይላል። ሦስተኛ ሰማው። ላም ነው አባባ?

«ምን ይላል?» አሉት ሐኪሙ፣ ቋንቋውን አያውቁትም።

«ላም ነው ይላል» አለና ሳቁ መጣ። አባቱ ስለ ላሟ የተጠየቀ መስሎት፣ ልጄ ከስንት አገር ደውሎ ስለ ላሟ ጠየቀኝ ብሎ፣ እውነቱን ነገረው። ሸጥናት አለው። ወቀሳ አልነበረም፣ ምንም አልነበረም፣ ለተጠየቀው መመለስ ነበር። ሳቀ፣ ሳቁ መሀል ላይ መልኩ ተለወጠ፣ ሐኪሙም ወንበራቸውን አዙረው የሚሠሩት ያላቸው መሰሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት እጁ ነው የሚያስታውሳቸው። ጠዋት ከፈረቃ ሲወጣ ሐኪሙ ዘንድ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ሐኪሙ ከመሳቢያቸው የመነጽር ቤት አወጡ፣ ሲከፍቱት ውስጡ በጥጥ የተጠቀለሉ ሁለት ስፒከሮች አሉ፤ ከአሮጌ የአውሮፕላን አብራሪ ማዳመጫ የወጡ ናቸው፣ በሞተር ጩኸት መሀል የሰው ቃል ጥርት ብሎ እንዲሰማ ተብለው የተሠሩ። «ሰባት ዓመት አስቀመጥኳቸው፣ ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር» አሉ። ለኩባያው ከተመለሰ የወጥ ቤት ዕቃ ሁለት ትናንሽ የእንጨት ሳህኖች አገኘ፣ ቅጹን ሞላ፣ ሦስተኛውን ፈራሚ አምስት ቀን ጠበቀው። በብርጭቆ ወረቀት ከውስጥ እየፋቀ አሳሳቸው፣ ድምፁ እንዳይጮህ በጥጥ ሸፈናቸው፣ አንድ እፍኝ ጥጥ ሲጨምር ድምፁ ይታፈናል፣ ሲቀንስ ያፏጫል፣ ሲጨምር ሲቀንስ፣ እስከ አንድ ጠዋት ድረስ፣ ያን ጠዋት የሐኪሙ ድምፅ ሰ እና ሸው ተለይቶ እንደ ንጹሕ ውሃ ወረደ። ትራሱን ከተመለሰ የቆዳ ጓንት ቆርጦ፣ በሥዕሉ ልክ፣ ያ ረጅም የጆሮ ጫፍ እንዳይጎረብጠው ከታች ሰፋ አድርጎ በቆልማማ መርፌ ሰፋው። አንድ ጊዜ ሽቦውን ሲበይድ ያቺ ከፀጉር የቀጠነች ክር ተበጠሰችበት። ሐኪሙ ማጉያቸውን አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ቀጠሏት፣ ሲጨርሱ ግንባራቸውን አልቧቸው ነበር። ከግራው ኩባያ ውጭ የምስር ፍሬ የምታክል ድምፅ መቀበያ ተከሉ፣ ክፍል ውስጥ የሚወራውንም እንድታሰማው። ፖስታ ቤት ደግሞ ባትሪ አናሳልፍም አሉት፣ አውጥቶ በኪሱ ያዘው፣ ሚጡ እዚያው ትገዛለች። ቅጹ ላይ የዕቃው ዓይነት የሚል ቦታ ነበር። ጆሮ ብሎ ጻፈ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው፣ እሱም አፍሮ ሰረዘና የጆሮ ማዳመጫ አለው።

ስልኩ ደረቱ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ጋሼ» አለች ሚጡ፣ በሹክሹክታ። «አድርጎታል። ተቀምጧል። ተናገር።»

ተነስቶ ተቀመጠ። የሚለውን ሁሉ ሳምንቱን አዘጋጅቶ ነበር፣ አንዱም የለም። «ሰላም ነው አባባ?» አለ።

እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን መስመር ብቻ ያያል።

«ሰላም ነው» አለ አባቱ። ቀጥሎም፣ ቀስ ብሎ፣ «ሰላም ነው ልጄ። አትጩህ፣ እሰማለሁ።»

እሱ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። አባቱ «ምንድን ነው ያ የሚንኳኳው?» አለ።

«የት?»

«አንተ ጋ። ከበስተኋላህ።»

ዞር አለ። ግድግዳው ሥር ክፍሉን የሚያሞቀው ብረት አለ፣ አራት ዓመት ሙሉ ሲንኳኳ ከመልመዱ የተነሳ አይሰማውም። «ማሞቂያ ነው፣ ውስጡ ሙቅ ውሃ ይዞራል» አለ።

«ዝም በል እስቲ» አለ አባቱ። አዳመጠ። ልጁም ትንፋሹን ያዘ፤ ባሕርና በረሃ ያቋረጠ ጆሮ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ እንደ ሰው የሚዘዋወር መሰለው። «አየር ይዟል» አለ አባቱ። «የሞተር ውሃ አየር ሲይዝ እንዲህ ነው የሚለው። ከላይ በኩል ማስተንፈሻ ይኖረዋል፣ ላላ አድርገውና ውሃው ሲመጣ መልሰህ አጥብቀው።»

«እሺ አባባ።»

«አሁን አድርገው፣ እሰማሃለሁ።»

ሳንቲም ፈልጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ብሎኗን አላላት። አየሩ ሲስ ብሎ ወጣ፣ ውሃ ተንጠባጠበ፣ አጠበቃት። ኳኳታው ጠፋ። አራት ዓመት የኖረበት ክፍል እንዲህ ጸጥ ሊል እንደሚችል አያውቅም ነበር። «ይኸው» አለ አባቱ፣ በድሮ ድምፁ፣ ሞተር ፈውሶ እጁን በጨርቅ በሚጠርግበት ድምፁ። ልጁ ወለሉ ላይ፣ ማሞቂያውን ተደግፎ እንደተቀመጠ፣ ሳይወስን አፉ ተናገረ።

«አባባ፣ የሄድኩ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር።»

«የቱ በር?»

«በዱቄቱ በኩል። ሁለቴ ጠራሁህ።»

«ከወፍጮው ወጥቼ ቤት ብገባ ሄዷል አሉኝ» አለ አባቱ። «ዓይኔን ሊያይ አልፈለገም አልኩ። ከዚያ ወዲህ አላነሳሁትም።»

«ቆሜ ነበር።»

«በዚያ በኩል የቆመ አይሰማኝም ነበር።»

«ያኔም?»

«ያኔም» አለ አባቱ። «ከዚያም በፊት። እኔ ነኝ መናገር የነበረብኝ።» ከዚያ «ሁለቴ ነው የጠራኸኝ?» አለ።

«ሁለቴ።»

«እሺ» አለ አባቱ። «እሺ ልጄ።»

ይኼኔ ሚጡ፣ ከአጠገቡ ሆና፣ «አባባ፣ ትራሱ አላጠበቀህም?» አለች። የአባቱ ወንበር ተንቀጨቀጨ።

«ማናት?» አለ።

«እኔ ነኛ አባባ፣ ሌላ ማን አለ?»

«ደግመሽ ተናገሪ።»

«ምን ልበል?»

«የእናትሽ ድምፅ ነው» አለ አባቱ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለራሱ እንደሚናገር። «መቼ ነው እንዲህ የሆነው? እኔ የማውቀው የልጅ ድምፅሽን ነው።»

እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ወደ ጆሮው ጫን አደረገ። በየእሁዱ ያናገራት እህቱ ናት፤ ድምፅዋ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ስለተለወጠ መለወጡን አላየውም። አሁን ሰማው። ያ ቃል መጨረሻ ላይ ዝቅ የሚለው፣ ያ ሊስቅ ያለ የሚመስለው። እናቱ ነበረች።

«ምን እንደምናገር አላውቅም» አለች ሚጡ፣ ለቅሶ እየያዛት።

«ያገኘሽውን። ብቻ አታቋርጪ።»

ካርቶን ሲተራመስ ተሰማ፣ ወረቀት ሲዘረጋ ተሰማ፣ እሱ ከዕቃው ጋር ጽፎ ያስገባው የአያያዝ መመሪያ ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንደኛ» ብላ አነበበች። «ትራሱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ቆዳው ይደርቃል። ሦስተኛ፣ ስትነቅሉት ሶኬቱን ያዙ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። አራተኛ፣ ሲተኛ አውልቁለት። አምስተኛ፣ ድንገት ቢበላሽ አትዘኑ፣ ሌላ እሠራለሁ።»

ወረቀቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

«ከመጀመሪያው» አለ አባቱ።

«አንደኛ» አለች።